የናቡቴ ከተማ ሽማግሌዎች

ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ ስብከት ያልሰማ የወንጌል አማኝ ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ ስድስት ሰባት ጊዜ ሰብኬበታለሁ። ቲዎሎጂ ኮሌጅ ሳለሁም በ1ኛ ነገሥት 21 ላይ ጽሑፍ አቅርቤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። አክዓብ የሰው መሬት የተመኘ ንጉሥ ነው፤ ኤልዛቤል ተንኮሉን የምታቀነባብር ናት፤ ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሸጥም ብሎ የሞተ ነው፤ ኤልያስ ንጉሡን ፊት ለፊት የገሠጸ ነቢይ ነው። በሰበክሁ ቁጥር የምቆመው ከኤልያስ ጎን ነበር። ሰባኪ ከነቢዩ ጎን ካልቆመ ታዲያ ከማን ጎን ይቁም?

ምዕራፉ ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎችም አሉ። ቁጥር 8 ላይ ይመጣሉ፣ ቁጥር 14 ላይ መልእክት ልከው ከታሪኩ ይወጣሉ። ስማቸው አልተጻፈም። ኤልዛቤል በአክዓብ ማኅተም አትማ ደብዳቤ የላከችላቸው የከተማይቱ ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች ናቸው። መጽሐፉ ከናቡቴ ጋር በአንድ ከተማ የሚኖሩ መሆናቸውን ለይቶ ይናገራል። ጎረቤቶቹ ናቸው ማለት ነው፤ ልጆቹን ያውቃሉ፣ አባቱን ቀብረዋል። ደብዳቤው እንደ ደረሳቸው ጾም አወጁ፣ ጉባኤ ጠሩ፣ ናቡቴን ከሰው ፊት አስቀመጡት፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች አቆሙበት። ንጉሡ ያን ቀን ኢይዝራኤል ውስጥ አንዲት ድንጋይ አላነሣም። ሁሉንም የሠሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ እነርሱ ነው፤ አንዱ ሆኜ አይቸዋለሁና።

ያደግሁት በአዳማ ዳር፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ግራ በኩል ነው። በዕድሜ የገፋን ሰዎች ከተማችንን ዛሬም ናዝሬት ማለት አልተውንም። ስሙን ያወጡላት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ ከጌታችን አገር ከተማ ወስደው፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጥንት ስሟ ወደ አዳማ ተመለሰች። ኮሌጅ ካርታ ስናጠና አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። የገሊላዋ ናዝሬት የምትገኘው ከኢይዝራኤል ሸለቆ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነው። ከዚያ ቁልቁል የሚታየው ሜዳ የናቡቴ አገር ነው። ጌታ በልጅነቱ ያን ሜዳ እያየ አደገ ማለት ነው። የእኛም ናዝሬት ሸለቆ ውስጥ ናት፤ መሬት የሚወሰድባትም ናት። ከእኛ ወደ ታች በአዋሽ ዳር ከረዩዎች የግጦሽ መሬታቸውን በመተሐራ ስኳር እርሻና በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተነጠቁት እኔ ሳልወለድና ገና ሕፃን ሳለሁ ነበር።

አባቴ ጭሰኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ትዝ የሚለኝ አባቴ በዚያ ሰሞን እርሻው መካከል ቆሞ ምንም ሳይሠራ ለረጅም ሰዓት ዝም ማለቱ ነው። ስድስት ጥማድ መሬት ደረሰው። አራት ልጆቹን በጤፍና በሽንኩርት ያሳደገው በዚያ ላይ ነው፤ ታላቅ ወንድሜን፣ ታላቅ እኅቴን፣ እኔን፣ ታናሽ እኅቴን። ጌታን ያገኘው በደርግ ዘመን፣ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው በሚጸልዩበት ጊዜ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ዐረፈ። ኑዛዜ አልጻፈም። መሬቱን ምን እናድርገው ብለን አራታችን ተቀምጠን አልተነጋገርንም፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ታላቅ ወንድማችን ያርስ ነበር፣ ሌሎቻችን በየሥራችን ነበርን፣ ስለ ድርሻ ማንሣት ነውር መሰለን።

ከዚያ ከተማው መጣብን። በ1990ዎቹ አዳማ ለጥቂት ዓመታት የኦሮሚያ ዋና ከተማ ሆና ነበር፤ ያኔ የጀመረው ግንባታ አልቆመም። በ2001 ዓ.ም. የእኛ አካባቢ ወደ ከተማ ክልል ገባና መሬቱ ለልማት ይፈለጋል ተባለ። በወቅቱ የነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። ገበሬው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው ዓመታዊ ገቢ በአማካይ ተሰልቶ፣ በአሥር ተባዝቶ ይከፈለዋል። በዚህ ላይ ለገበሬው ልጆች ለእያንዳንዳቸው 200 ካሬ ሜትር የቤት መሥሪያ ቦታ እንደሚሰጥ በቀበሌ ስብሰባ ተነገረን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ነገሩን በደንብ የሚያውቁት የተጎዱት ብቻ ናቸውና። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬው እጅ ላይ ያለው በመዝገብ ላይ የሰፈረ ስሙ ነው። መሬት በማይሸጥበት አገር የሚሸጠው ስም ነው። ከዝርዝሩ ስም የሚያወጣና ስም የሚያስገባ ሰው ሜዳውን ሁሉ በእጁ ይዟል። የዓለም ባንክ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ኢትዮጵያ ሙስና ባወጣው ጥናት የመሬት ዘርፍ በተለይ ለሙስና የተጋለጠ መሆኑን ያመለክታል። እኛ ጋ ዝርዝሩ የነበረው በአንድ ሰው እጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ሊቀመንበሩ እንደምንለው ሊቀመንበሩ ልበለው።

ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። እንዲያውም በዚያ ሰፈር እንደ እርሱ ሰው የሚወደድ አልነበረም። ስኳርና ዘይት በኮታ ሲታደል አረጋውያንን ከሰልፍ አውጥቶ ያስቀድማል። ልጅ ሲታሰር ደውሎ ያስፈታል። መታወቂያ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቆጣሪ፣ የውኃ መስመር ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። ለቅሶ አይቀርም። ለእኛም ጉባኤ ሲኖረን ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ፈቃድ የምንጠይቀው እርሱን ነው፣ ከልክሎንም አያውቅም። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ተደርጎለታል። ኋላ የገባኝ፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ መሆኑ ነው። ማንም ሳይፈራው ሁሉም ዕዳ ነበረበት።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዕዳ ደግሞ የመቃብር ቦታ ነበር። የወንጌል አማኞች በዚህች አገር ለመቀበሪያ ስንት መከራ እንዳዩ የሚያውቅ ያውቀዋል። አስከሬን ተሸክሞ ከደጅ መመለስ ምን እንደሆነ የእኔ ትውልድ አገልጋዮች አይተናል። የራሳችንን ቦታ ለማግኘት ለዓመታት በማመልከቻ ተመላልሰናል። በ2001 ክረምት ደብዳቤው ሊቀመንበሩ ጋ ደርሶ የእርሱን ድጋፍ እየጠበቀ ነበር።

አንድ ምሽት ቤቴ መጣ። ቡና ተፈላ። ስለ ልጆች ጠየቀ፣ ስለ አገልግሎት ጠየቀ። ከዚያ እንደ ዋዛ ስለ አባቴ መሬት አነሣ። የወራሾች ዝርዝር ተዘጋጅቷል አለ። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ዝርዝሩ ላይ ሦስት ልጆች አሉ፤ ወንድሜ፣ እኔ፣ እና አባቴ በጉዲፈቻ ያሳደገው አንድ ልጅ።

አባቴ በጉዲፈቻ ያሳደገው ልጅ የለም። የተጻፈው ስም የሊቀመንበሩ የእኅት ልጅ ስም ነው።

ኦሮሞ ያልሆናችሁ አንባቢዎች ይህን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ጉዲፈቻ ቅዱስ ነገር ነው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከአብራክ ከወጣው በምንም አይለይም፤ ይወርሳል፣ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የሥጋ ልጅ አይደለህም ማለት ትልቅ ነውር ነው። ሮሜ 8ን ስሰብክ የእግዚአብሔር ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የማስረዳው በጉዲፈቻ ነበር፤ ሕዝባችን ከየትኛውም የቲዎሎጂ ቃል በላይ ይገባዋል። ሰውዬው መግቢያ በር ያደረገው ይህንኑ ነው። ማን ደፍሮ ይጠይቃል? መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ በዚህ ምሳሌ ሰብኬ አላውቅም።

«እኅቶቼስ?» አልሁት።

«አግብተው ወጥተዋል። ወንድምዎ በባህሉ ይሁን ብለዋል።»

ወንድሜ የተስማማው ለዚህ ነበር። የእኅቶቻችን ድርሻ ይወጣል፣ የሊቀመንበሩ ሰው ይገባል፣ ካሳው በአራት መከፈሉ ቀርቶ በሦስት ይከፈላል። ሹሙ ቤታችን የገባው እኛው በከፈትንለት ቀዳዳ ነው። በዘኁልቁ 27 የሰለጰዓድ ልጆች፣ አምስት እኅትማማቾች፣ አባታችን ወንድ ልጅ ስለሌለው ስሙ ለምን ይጠፋል ብለው ሙሴ ፊት ቆሙ፤ እግዚአብሔርም ልክ ናቸው አለ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁ።

«እኔ አልፈርምም» አልሁት። ድፍረቴ በዚያ አለቀ።

ፈገግ አለ። «ፓስተር፣ እርስዎማ አይፈርሙም፤ የጌታ አገልጋይ ነዎት። የሚፈርሙ ሽማግሌዎች አሉ። እርስዎ ዝም ብቻ ይበሉ።» ከዚያም ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «የመቃብሩ ደብዳቤ ደግሞ በዚህ ሳምንት ይወጣል» አለኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች መሰከሩ። ሁለቱ አባቴን ያውቁታል፣ አብረውት አርሰዋል። አንዱ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሰጠ። ደብዳቤውም በዚያው ሳምንት ወጣ።

ታላቅ እኅቴ የሰማችው ከሰው ነው። መጣች፣ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ለብዙ ጊዜ አልተናገረችም። እትዬ በልጅነቴ አዝላ ያሳደገችኝ ናት። በመጨረሻ «አንተ የእግዚአብሔርን ቃል የምታውቅ ነህ፤ ምን ይላል?» አለችኝ። እኔም ሉቃስ 12ን ጠቀስሁላት። አንድ ሰው ጌታን ወንድሜ ርስቱን እንዲያካፍለኝ ንገረው ብሎ ሲጠይቀው ጌታ በእናንተ ላይ ፈራጅና አካፋይ አልሆንም እንዳለ ነገርኋት። እንጸልይበት አልኋት። ጸለይን። አሜን አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ያ ክፍል የሚናገረው የራሱን ድርሻ ለማብዛት ለሚጓጓ ሰው ነው፤ ጌታ ቀጥሎ የሚያስጠነቅቀው ስለ መጎምጀት ነው። የሚጎመጀው ወንድሜ ነበር፣ እኔም ነበርሁ። እኔ ግን ቃሉን አንሥቼ የተነጠቀችዋን መታሁበት። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ደካማ ስብከት ሰብኬአለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ሐሰት ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንብቤ አላውቅም።

መስከረም ላይ የምስጋና ፕሮግራም አደረግን። ሦስት ቀን ጾምን፣ በአራተኛው ቀን ኳየሩ ዘመረ። ሊቀመንበሩን ከፊት ወንበር አስቀምጠን ጋቢ አለበስነው። ያለበስሁት እኔ ነኝ፤ ፎቶግራፉ እስካሁን በቢሮው አልበም ውስጥ አለ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሁለቱ እኅቶቼ ተቀምጠው ነበር። ለጸሎት ስንነሣ እነርሱም ተነሥተው አየሁ። ኢይዝራኤል ውስጥም ጾም ታውጆ ነበር። ይህን በስድስት ሰባት ስብከቴ ሁሉ አንድ ጊዜም አላነሣሁትም።

ዓመታት አለፉ። በእኔ 200 ካሬ ላይ ቤት ሠራሁ፣ ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አውጥቼ አከራየሁ። በ2006 እና በ2008 በማስተር ፕላኑ ምክንያት ወጣቶች ስለ ገበሬው መሬት አደባባይ ሲወጡና ሲሞቱ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች መካከል አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ለምን ዝም ትላለች ብለው ጠየቁኝ። ለሰላም እንጸልያለን አልኋቸው። መልሱ ስህተት አልነበረም። ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ለእኔ ለራሴ ባዶ ነበር።

እትዬ በ2013 ዓ.ም. ዐረፈች። የተቀበረችው እዚያው ነው፣ በዚያ ቦታ። የቀብሩን ጸሎት የመራሁት እኔ ነኝ። አፈሩን ስበትን ቀና ብዬ ታናሽ እኅቴን አየኋት፤ አላለቀሰችም፣ ዙሪያውን ትመለከት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ አጠገቤ መጥታ «የእትዬ ድርሻ በመጨረሻ ደረሳት» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ሰነዱን ሁሉ አየ። ሐሰቱ ግልጽ ነው አለ። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት እውነተኛው ወራሽ መብቱ መነካቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ይርጋ ያግደዋል። እኅቶቻችሁ መቼ አወቁ ብሎ ጠየቀ። በ2001 አወቁ። ታዲያ በዚያን ጊዜ ለምን አልከሰሱም? ታናሽ እኅቴ ወደ እኔ ዞረች። እንጸልይበት ያልሁት እኔ ነኝ። ሦስቱ ዓመት ያለቀው በእኔ ጸሎት ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባሳጥረው ይሻላል፤ ደስ የሚልም አይደለም። ወንድሜን ለመንሁት፣ አልሰማኝም፤ እስከ ዛሬ አንነጋገርም። የመሰከረውን የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አነጋገርሁ፤ «ፓስተር፣ ያኔ አንድ ቃል ቢናገሩኝ ኖሮ አልፈርምም ነበር» አለኝ፣ እኔም አመንሁት። በ2014 በምእመናን ፊት ቆሜ ነገሩን ተናገርሁ፣ ከስብከት አገልግሎትም ለስድስት ወር ዐረፍሁ። አንዳንዶች አለቀሱ። አንዳንዶች የቤተ ክርስቲያንን ገመና በአደባባይ አወጣህ ብለው ተቆጡ። ጥቂት ቤተሰቦች ወደ ሌላ ኅብረት ሄዱ። የመቃብር ቦታው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ደግሞ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ ይኸው አለ። ሙታኖቻችን እዚያ አሉ፤ ወዴት እንወስዳቸዋለን?

ሊቀመንበሩ ከእኛ ሰፈር ወደ ሌላ ከተማ በዕድገት ተዛውሯል። ኅዳር 2015 ላይ መንግሥት ሙስናን የሚከታተል ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ ኮሚቴ ማቋቋሙን ዜና ላይ ስሰማ «ጎሽ!» ብዬ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ሳህን እያነሣች ነበር። «አንተ የተቀመጥህበት ቤትስ በምን ዝርዝር የተገኘ ነው?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም የተናገረችው። ያንን ምሽት ሁለታችንም ራት አልበላንም።

ዘኬዎስ አራት እጥፍ መለሰ። እኔ አራት እጥፍ የምመልስበት የለኝም። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሆነን ከኋላ ያሉትን ሦስት ክፍሎችና የቆሙበትን ቦታ ለታናሽ እኅቴና ለእትዬ ልጆች በስጦታ ለማስተላለፍ ተስማማን። የኪራዩ ገንዘብ ለቤታችን ቀላል አልነበረም፤ ትልቁ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት በ2015 ፈረምን።

እኅቴ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ የዚያን ቀን ከመቂ የመጣ ጭነት ስለነበረባት ዘግይታ ደረሰች፣ እጇ አፈር ነበር። ጸሐፊው ውሉን በፍጥነት አነበበው። አቁሙት አለች። ማንበብና መጻፍ ትችላለች፣ መነጽር ግን አልያዘችም።

«እኔ ማን ተብዬ ነው የተጻፍሁት?» አለች።

ጸሐፊው ስሟን ከነአባታችን ስም ነገራት።

«እስቲ አባቴን ድገመው።»

ደገመላት። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ እስክሪብቶውን ተቀበለች።